የቮልስ ማርሚታ ሲቀየር ካርቡሬተሯ ለምን በረዶ ይሠራል?

በሐምሌና በነሐሴ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ በተለይም ጉም በሚያዘወትርበት በጣርማበር ዙሪያ፣ የኋላ ክዳኗ ተከፍቶ መንገድ ዳር የቆመች አሮጌ ቮልስዋገን ብትታይ የሚያስገርም አይደለም። ሞተሯ ጠዋት ያለ ችግር ተነሥቷል። ከከተማ ወጥታ ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዘች በኋላ ግን ጉልበቷ ይደክማል፤ ነዳጅ ቢሰጣትም አትጎትትም፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ደግሞ ጸጥ ትላለች። ሹፌሩ ካንዴላ ይፈታል፣ የነዳጅ ቱቦ ይነፋል፣ ሽቦዎችን ይነካካል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ምንም እንዳልነበረበት ይነሣል። መኪናዋን ያዳናትም በመጨረሻ የነካው ዕቃ ይመስለዋል።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር በየጋራዡ የታወቀ ነው፦ የነዳጅ ፖምፓ ይቀየራል፣ አዲስ ካንዴላ ይገባል፣ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ይታጠባል፣ አልሆን ሲልም ሌላ ካርቡሬተር ይፈለጋል። በፀሐያማ ቀን ሲሞከር ሁሉም ደህና ነው፤ ባለቤቱም ገንዘቡን ከፍሎ መኪናውን ይወስዳል። ጉም ሲወርድ እንደገና ትቆማለች። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ከነዳጁ በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ ማርሚታው ነው፦ ተቀይሯል ወይ?

ጥያቄው መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይመስላል። ማርሚታ የጭስ መውጫ ነው፤ ካርቡሬተር ደግሞ አየርና ቤንዚን የሚቀላቀሉበት መግቢያ። አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ ነው። በዚህች መኪና ላይ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር አንድ ቱቦ አለ። ያ ቱቦ ሥራውን ሲያቆም በካርቡሬተሩ ሥር በረዶ ይሠራል።

በረዶው ከየት ይመጣል? ፈሳሽ ወደ ትነት ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። የሸክላ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በገላው ላይ የሚያልበው ውኃ እየተነነ ሙቀቱን ስለሚወስድ ነው፤ መርፌ ሊወጋ ሲል ቆዳ ላይ የሚቀባው አልኮል የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቤንዚን ከውኃ ይልቅ ፈጥኖ ይተናል። በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ አየር በፍጥነት ሲያልፍ ቤንዚኑ በጥቃቅን ጠብታ እየተረጨ ይተናል፤ በዚህም የድብልቁ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊወርድ ይችላል። በጉሮሮው ውስጥ የአየሩ ግፊት ዝቅ ማለቱም ቅዝቃዜውን ያግዛል።

ስለዚህ የውጪው አየር 12 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የካርቡሬተሩ ውስጥ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። አየሩ እርጥበት ካዘለ ያ እርጥበት በብረቱ ላይ ይጤዛል፣ ቀጥሎም ይረጋል። በ10 ዲግሪ ሙቀት እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 9 ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። 1200 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር እየዞረ አቀበት ሲወጣ በየደቂቃው ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ አየር ይስባል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በካርቡሬተሩ የሚያልፈው ውኃ እንግዲህ ከአንድ የቡና ሲኒ ይበልጣል። አብዛኛው ወደ ሞተሩ ገብቶ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ሆኖም መተላለፊያው ራሱ ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂቱ በጠርዙ ላይ ረግቶ ከቀረ ሞተሩን ለማነቅ ይበቃል። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የሚከፈተው፣ ቢራቢሮ የሚባለው ክብ ሽፋንም በበረዶ ሊያዝ ይችላል። መኪናዋ ስትቆም ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ወደ ላይ ይወጣና በረዶውን ያቀልጠዋል። መካኒክ ዘንድ ስትደርስ ምንም ማስረጃ አይገኝም።

ገበሬው የሚያውቀው ውርጭና የካርቡሬተሩ በረዶ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ውርጭ የሚፈራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች ነው። በእነዚያ ወራት ብርዱ ቢበረታም አየሩ ደረቅ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚረጋ ብዙ ውኃ አያገኝም። ካርቡሬተር በብዛት የሚበርደው ከዜሮ ጥቂት ከፍ ካለ እስከ 15 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ አየሩ እርጥበት በጠገበበት ጊዜ ነው። ይህ የደጋው ክረምት ጠባይ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በጉና ግርጌ የሚያልፍ፣ ወይም ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሊማሊሞ የሚያቀና ሹፌር መሬቱ ላይ ቅንጣት ውርጭ ሳያይ የካርቡሬተሩን በረዶ ተሸክሞ ሊጓዝ ይችላል። «ብርድ የለም፣ ካፊያ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ለሰው እንጂ ለካርቡሬተር አይሠራም።

ችግሩ የሁሉም ካርቡሬተር ቢሆንም ቮልስን ይበልጥ የሚያጠቃት ከአሠራሯ የተነሣ ነው። በውኃ በሚቀዘቅዙ መኪኖች የሞቀውን ውኃ ወደ ካርቡሬተሩ ሥር መርቶ ማሞቅ ይቻላል። የቮልስ ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ የሞቀ ውኃ የለውም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል፤ ካርቡሬተሩ ደግሞ አንድ ሆኖ መካከል ላይ፣ ከሁለቱም ርቆ ተቀምጧል። ድብልቁ ከካርቡሬተሩ ወርዶ በረጅም ቀጭን ቱቦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቴስታታ ይሄዳል። ቱቦው ከሞተሩ ሙቀት የራቀ በመሆኑ ያለ እርዳታ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። በነገራችን ላይ ገበሬዎች ለመስኖ የሚጠቀሙባቸው ትናንሽ የቤንዚን ውኃ መሳቢያዎች ይህ ችግር እምብዛም የማይታይባቸው ካርቡሬተራቸው ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥና ሙቀት በቀጥታ ስለሚደርሰው ነው።

የመኪናዋ ሠሪዎች መፍትሔውን የወሰዱት ከጭሱ ነው። ከድብልቁ ቱቦ ጋር ተያይዞ፣ በካርቡሬተሩ ሥር የሚያልፍ ሌላ ቀጭን የማሞቂያ ቱቦ ሠሩ። የዚህ ቱቦ ሁለት ጫፎች ግራና ቀኝ ወርደው፣ ፍላንጅ በሚባሉ ጠፍጣፋ ማያያዣዎች ከማርሚታው ጋር በቡሎን ይታሰራሉ። በአንዱ ጫፍ ያለው የጭስ ግፊት ከሌላው እንዲበልጥ ተደርጎ ስለተሠራ ትኩስ ጭስ በቱቦው ውስጥ ያልፍና ድብልቁ የሚያልፍበትን ብረት ያሞቃል። የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፤ ዘይትም ማስተካከያም አይፈልግም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ደግሞ በዚህ ላይ ሁለተኛ ጥበቃ ተጨምሮላቸዋል፦ ከሲሊንደሩ ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ አየር ማጣሪያው የሚያመጣ ወፍራም ቱቦ።

ይህች መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በብዛት ስትመረት ቆይታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በኢትዮጵያም ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የምትታየው ብረቷ ስለሚበረታ፣ ሞተሯም በቀላል መሣሪያ ስለሚፈታና ስለሚገጠም ነው። ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን የኖረች መኪና የመጀመሪያ ማርሚታዋን ይዛ አትኖርም። ዝገት ይበላዋል፤ መቀየሩም አይቀርም። ጥፋቱ ያለው በአቀያየሩ ላይ ነው።

አቀያየሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ለድምፅና ለፍጥነት ሲባል የሚደረገው ነው። ኤክስትራክተር የሚባለው ዓይነት የጭስ ቱቦ አራቱን የሲሊንደር ቱቦዎች ለየብቻ አምጥቶ አንድ ቦታ ላይ ያገናኛቸዋል። ጭሱ በቀላሉ ስለሚወጣ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ጥቂት ጉልበት ያገኛል፤ ድምፁም ይጎላል። ከእነዚህ ቱቦዎች አንዳንዶቹ ለማሞቂያው ቱቦ ማያያዣ ጭራሽ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ማያያዣ ኖሯቸው ቀዳዳው አልተበሳም ወይም እንደ እርሳስ የጠበበ ነው። ሁለተኛው መልክ በየሠፈሩ ብየዳ ቤት የሚሠራው ነው። በያጁ አሮጌውን ማርሚታ አይቶ ተመሳሳዩን ይሠራል፤ ነገር ግን ትንሿ የጎን ቀዳዳ ጥቅሟ ስለማይታየው በላሜራ ይደፍናታል። አንዳንዴም ማርሚታው በትክክል ተሠርቶ ሳለ በመካከሉ የሚገባው ጓርኒሲዮን ቀዳዳ የሌለው ሆኖ መንገዱን ይዘጋዋል። ሁሉም ከላይ ሲታዩ የተሟሉ ይመስላሉ፤ ጭስ ግን አያልፍባቸውም።

ቀዳዳ መኖሩ ብቻም አይበቃም። ሁለቱም ጫፎች እኩል ግፊት ካለበት ቦታ ከተያያዙ ጭሱ ከሁለቱም ወገን ይገፋፋና መካከል ላይ ይቆማል፤ የቆመ ጭስ ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ኤክስትራክተር ላይ የማሞቂያ ቱቦ የሚበይድ ባለሙያ አንዱን ጫፍ ከሲሊንደሩ ብዙ ሳይርቅ፣ ሌላውን ጫፍ ግን አራቱ ቱቦዎች ከተገናኙበት ቦታ በኋላ ማስገባት ይኖርበታል። ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ውጭ ክፍት አድርጎ መተው አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ማርሚታ ያልነካው ጭስ በሞተሩ ክፍል ውስጥ እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ አደጋ አለው። የሞተሩ ማቀዝቀዣ አየር የሚሳበው ከዚያው አካባቢ ነው።

ማርሚታው ያልተቀየረ መኪናም ከችግሩ ነፃ አይደለም። የማሞቂያው ቱቦ ውስጡ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ከጊዜ ብዛት በጥቀርሻ ይደፈናል። ይህ በደጋው አገር ይፈጥናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲደርስ ለአየሩ ከሚመጥነው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ትርፉ ቤንዚን ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ጥቁሩ ጭስም ጥቀርሻ። መኪናዋ ከቤት ወደ ገበያ አጭር መንገድ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ጭሱ በደንብ ሳይግል ስለሚቀር መደፈኑ ይበልጥ ይፋጠናል።

ሕመሙን ከሌሎች መለየት ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። በነዳጅ ውስጥ ውኃ ካለ መኪናዋ በፀሐይም በጉምም ታስቸግራለች፤ ካርቡሬተሩ ሲፈታም በነዳጅ መያዣው ሥር ውኃው ተለይቶ ይታያል። ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦ ውስጥ ተኖ የሚቆመው ደግሞ በቆላ፣ በእኩለ ቀን ነው። ለዚህኛው ሹፌሮች ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጥላሉ፤ በጣርማበር ጉም ውስጥ ያንኑ ማድረግ ግን ምንም አይጠቅምም። የካርቡሬተር በረዶ መለያው ሦስቱ አንድ ላይ መገኘታቸው ነው፦ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር፣ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ የሚመጣ ድካም፣ ከዕረፍት በኋላም ያለ ጥገና መነሣት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ እንደተነሣ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። ከዚያ በማሞቂያው ቱቦ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ጠብታ ውኃ ይንጠብ፤ በእጅ መንካት ያቃጥላል። በሁለቱም በኩል ውኃው ቺስ ብሎ ከተነነ ጭሱ ያልፋል። በአንዱ ወገን ብቻ ከተነነ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ጭሱ ቆሟል። በሁለቱም ከቀዘቀዘ ከማርሚታው የሚመጣ ነገር የለም ማለት ነው። በተጓዘች መኪና ላይ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ብረት ላብ ካለበት ወይም ነጭ ሽፋን ከያዘ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የተደፈነውን መክፈት ትዕግሥት እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቱቦው ከመኪናዋ ወርዶ፣ ከቤንዚን ርቆ፣ የተፈተለ የብረት ሽቦ እየተሽከረከረ ከሁለቱም ጫፍ ይገባበታል፤ የአሮጌ ብስክሌት የፍሬን ሽቦ ለዚህ ያገለግላል። ጥቀርሻው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ በብየዳ እሳት አግሎ ማራገፍ የሚችሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ ግን በባለሙያ እጅ ብቻና ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተፈታ በኋላ የሚደረግ ነው። መልሶ ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ማርሚታ የሚገዛም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሁለቱ ትናንሽ ማያያዣዎች ቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ ቢሞክር መልካም ነው። በዚሁ አጋጣሚ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው የሞቀ አየር ቱቦ መኖሩንም ማየት ይገባል፤ የመጀመሪያው ባለ ዘይት ማጣሪያ በትንሽ ደረቅ ፊልትሮ በተተካባቸው መኪኖች ላይ ይህ ቱቦ አብሮ ተጥሎ ይገኛል።

መንገድ ላይ ያጋጠመው ሹፌር ከሁሉ በፊት መኪናዋን ከአስፋልቱ ያውጣ፤ በጉም ውስጥ የቆመች መኪና ከኋላ ለሚመጣ ከባድ መኪና አትታይም። ከዚያ የኋላውን ክዳን ዘግቶ አሥር ደቂቃ ይጠብቅ፤ ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ ይባክናል። ሲነሣም በዝቅተኛ ማርሽ፣ ዙሩን ከፍ አድርጎ መንዳት ሞተሩን ያሞቀዋል። በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን ማፍሰስ ግን የተለመደ ቢሆንም ሊወገድ ይገባል፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ያስነሣል።

ማርሚታ ሲቀየር የሚጠፋ ሌላም ነገር አለ። በቮልስ ውስጥ ለተሳፋሪውና ለፊት መስታወቱ የሚደርሰው ሙቀት የሚመጣው የጭስ ቱቦውን ከሸፈኑት ሁለት የማሞቂያ ሳጥኖች ነው። ኤክስትራክተር ሲገጠም አንዳንዶች ሳጥኖቹን አውጥተው በባዶ ቱቦ ይተኳቸዋል። ያን ጊዜ መስታወቱን ከጉም የሚያጠራ ሙቀት የለም፤ ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ ይነዳል። ሳጥኖቹ ካሉም ብየዳቸውና መጋጠሚያቸው መፈተሽ አለበት። ከተቀደዱ ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ድብታ ያመጣል፣ ሲበዛም ይገድላል። በጉዞ ላይ ተሳፋሪዎች ራሳቸውን ካመማቸው መስኮት መክፈትና መኪናዋን ማቆም ቀዳሚው ነገር ነው።

የማሞቂያውን ቱቦ ሆን ብለው የሚያስወግዱ ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት አይደለም። የሞቀ ድብልቅ ስለሚሳሳ ጥቂት ጉልበት ይቀንሳል። እንደ መተማ ባለ ሞቃት ቆላ ብቻ የምትነዳ መኪና ያለ እሱም ትሠራለች። ከቆላ ወደ ደጋ የምትመላለስ መኪና ግን ቱቦውን ትፈልገዋለች፤ በአቀበቱ መካከል ከምትቆም ያችን ጥቂት ጉልበት ብታጣ ይሻላታል። የቱቦው ፍተሻ ከግንቦት መጨረሻ በፊት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ቢደረግ ይመረጣል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ቱቦውን ለማውረድ ግን ካርቡሬተሩና የማራገቢያው መሸፈኛ ሊነኩ ስለሚችሉ ከሌላ ጥገና ጋር አዳብሎ መሥራት ወጪውን ይቀንሳል።